ማግኔት የሚሠሩ ባክቴሪያዎች የቆዳ ፋብሪካን ክሮም ያጸዳሉ?

ጥያቄ፦ «የምሠራው ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ፣ የፍሳሽ ማጣሪያው ላይ ነው። ማግኔት የሚሠሩ ባክቴሪያዎች እንዳሉና እነሱ የሚሠሩት ማግኔታይት ክሮሚየምን ከውሃ እንደሚያጠፋ አነበብኩ። የእኛ ፍሳሽ ክሮም አለበት። ባክቴሪያዎቹን ገንዳው ውስጥ ብናራባቸውና ክሮሙን በልተው ሲጨርሱ በትልቅ ማግኔት ስበን ብናወጣቸው ይሠራል? ባክቴሪያውንስ ከየት እናገኛለን? ለስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድም ይሆናል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ምላሽ፦ እናንተ ገንዳ ውስጥ አይሠራም። ያነበቡት ነገር ግን ውሸት አይደለም። ባክቴሪያ የሚሠራው ማግኔታይት መርዛማውን ክሮሚየም ጉልበት እንደሚያሳጣው በደንብ ተፈትሾ የታወቀ ነው። ጥያቄዎ ውስጥ ግን የተደባለቁ ነገሮች አሉ። ሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎች አንድ ሆነዋል። ሁለት ዓይነት ክሮሚየምም አንድ ሆኗል። ማግኔቱም የሌላውን ሥራ ወስዷል። እነዚህን ሳትለዩ ወጪ ከጀመራችሁ ገንዘቡ ገደል ገባ ማለት ነው።

ማግኔታይት የብረት ማዕድን ነው። ጥቁር ነው፣ በማግኔት ይሳባል። ውስጡ ካሉት ሦስት የብረት አተሞች ሁለቱ ዝገት ውስጥ የምናገኘው ብረት 3 ናቸው (ቁጥሩ አተሙ ስንት ኤሌክትሮን እንደጎደለው ይናገራል)። አንዱ ብረት 2 ነው። ብረት 2 ለሌላ ሊሰጠው የሚችል አንድ ኤሌክትሮን አለው። ይህን ኤሌክትሮን ልብ ይበሉልኝ፤ የጽዳቱ ነገር ሁሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

በሰውነታቸው ውስጥ ማግኔት የሚሠሩ ባክቴሪያዎች በእርግጥ አሉ። ጣሊያናዊው ሳልቫቶሬ ቤሊኒ በ1963 ፓቪያ ውስጥ አይቷቸው ጽፎ ነበር፤ ያኔ ብዙ ሰው ልብ አላለውም። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ዓለም ያወቃቸው አሜሪካዊው ሪቻርድ ብሌክሞር ማሳቹሴትስ ውስጥ ከጭቃ አውጥቶ ካጠናቸውና በ1975 ካሳተመ በኋላ ነው። የውሃ ጠብታ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ተንጋግተው ወደ አንድ ጠርዝ ይዋኛሉ። አጠገባቸው ማግኔት ሲዞር አብረው ይዞራሉ። በእያንዳንዷ ሕዋስ ውስጥ ከ35 እስከ 120 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) የሚደርሱ የማግኔታይት ቅንጣቶች ተሰልፈዋል፤ እያንዳንዷ ቅንጣት የራሷ ስስ ሽፋን አላት። ይህ ሰልፍ የምድርን መግነጢሳዊ መስመር ተከትለው ኦክስጅን ወደሚያንስበት ጭቃ እንዲወርዱ ይረዳቸዋል። ነገሩ በባክቴሪያ ብቻ አያበቃም። ካይተን የሚባለው የባሕር ዳር ፍጥረት ጥርሱን በማግኔታይት እንደሚያጠነክር ሃይንዝ ሎወንስታም በ1962 አሳይቷል፤ በዚያ ጥርስ ነው ድንጋይ እየፋቀ የሚመገበው።

እነዚህን ፍጥረታት እወዳቸዋለሁ። ለእናንተ ሥራ ግን አይሆኑም። ማግኔታቸውን የሚሠሩት ከብረት ነው እንጂ ከክሮሚየም አይደለም። ለማራባትም አስቸጋሪ ናቸው። ኦክስጅኑ ትንሽ ከበዛ ማግኔቱን መሥራት ያቆማሉ። ከአንድ ሊትር የሚገኘው ምርትም ጥቂት ነው። ቅንጣቶቻቸው ቅርጻቸው የተስተካከለ ስለሆነ ለሕክምና ምርምር ይፈለጋሉ። ፍሳሽ ላይ መድፋት ግን ማባከን ነው።

ለአካባቢ ጽዳት የሚፈለገው ሁለተኛው ዓይነት ነው። ዴሪክ ላቭሊና ባልደረቦቹ በ1987 ከፖቶማክ ወንዝ ደለል ያገኙት ባክቴሪያ የዚህ ዓይነት ነው፤ በኋላ ጂኦባክተር ተባለ። ይህኛው ማግኔት ሰውነቱ ውስጥ አያስቀምጥም። ኦክስጅን በሌለበት ቦታ የሚተነፍሰው ዝገት ነው። እኛ ከምግባችን የሚወጣውን ኤሌክትሮን በመጨረሻ ለኦክስጅን እናስረክባለን። እሱ ደግሞ ከሰውነቱ ውጭ ላለው ብረት 3 ያስረክባል። ኤሌክትሮን የተቀበለው ብረት ወደ ብረት 2 ይለወጣል። ይህም ከተረፈው ዝገት ጋር ተዋህዶ ማግኔታይት ይሆናል። ስለዚህ ማግኔታይቱ የአተነፋፈሱ ውጤት ነው። ባክቴሪያው ከሚመገበው ከአሴቴት (የኮምጣጤ አሲድ ጨው ነው) አንድ ሞለኪውል 8 ኤሌክትሮኖች ይወጣሉ፤ እነሱም 8 የማግኔታይት አሃድ መሥራት ይችላሉ። ሸዋኔላ የሚባለው ሌላ ባክቴሪያም ይህን ያደርጋል።

አሠራሩን ላቦራቶሪ ውስጥ ማየት ደስ ይላል። የብረት ክሎራይድ የሟሟበት ውሃ ላይ ሶዳ እየተጨመረ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ አልካሊ ነው) ወደ 7 ሲደርስ ቀይ ቡና ዓይነት የሆነ ልል ዝቃጭ ይወጣል። ጨዉ እስኪለቅ ደጋግሞ ይታጠባል። ከዚያ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፣ አየሩ በናይትሮጅን ይተካል፣ አሴቴትና ባክቴሪያ ይጨመራል፣ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀመጣል። በቀናት ውስጥ ዝቃጩ ከሥር ጀምሮ ይጠቁራል። ማግኔት ከጠርሙሱ ጎን ሲጠጋ ጥቁሩ ነገር ተሰብስቦ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ውሃው ይጠራል። ቅንጣቶቹ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 50 ናኖሜትር ናቸው።

አሁን ወደ ክሮሚየም እንምጣ። ባክቴሪያውም ሆነ ማግኔታይቱ ክሮሚየምን አይበላም፣ አያጠፋምም። ክሮሚየም ንጥረ ነገር ነው፤ ዓይነቱ ይለወጣል እንጂ ከዓለም አይወጣም። አደገኛው ክሮሚየም 6 ነው። በውሃ በቀላሉ ይሟሟል፣ ከአፈር ጋር ስለማይጣበቅ ሩቅ ይሄዳል፣ ወደ ሕዋስም ይገባል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ክሮሚየም 6 ከማግኔታይቱ ብረት 2 ሦስት ኤሌክትሮኖች ሲቀበል ክሮሚየም 3 ይሆናል። ክሮሚየም 3 ከአሲድነት በራቀ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ቅንጣቶቹ ላይ ይለጠፋል ወይም ይዘቅጣል። ጽዳት የሚባለው ይኸው ነው።

ማግኔቱስ? ማግኔት ክሮሚየምን አይስብም። የሚስበው ማግኔታይቱን ነው፤ ክሮሙ የሚወጣው እሱ ላይ ስለተለጠፈ ብቻ ነው። ይህ ራሱ ትልቅ ጥቅም እንዳለው አልክድም። በጣም ደቃቅ ዱቄት በማጣሪያ ማስቀረት ከባድ ነው፣ በማግኔት መሰብሰብ ግን ይቻላል። በ2006 የራይስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 12 ናኖሜትር ያህል የሆኑ የማግኔታይት ቅንጣቶችን፣ አርሴኒክ ከውሃ ከለቀሙ በኋላ፣ ብዙም ጉልበት በሌለው ማግኔት ማውጣት እንደሚቻል አሳይተዋል። ያ ማግኔታይት በኬሚካል የተሠራ ነበር። ለመሰብሰቡ ሥራ ባክቴሪያ ሠራው፣ ሰው ሠራው፣ ለውጥ የለውም። የባክቴሪያው ብልጫ ቅንጣቶቹ ደቃቅ መሆናቸውና ገጽታቸው ላይ ብዙ ብረት 2 መኖሩ ነው።

አቅሙን በቁጥር እንየው። ከማግኔታይት ክብደት ሩብ ያህሉ፣ ወደ 24 በመቶው፣ ብረት 2 ነው። አንድ የክሮሚየም 6 አተም ሦስት ብረት 2 ይፈልጋል። ስለዚህ 1 ግራም ማግኔታይት ሁሉ ነገር ቢሳካለት የሚለውጠው 75 ሚሊግራም ክሮሚየም ነው። እውነተኛው ቁጥር ግን ከዚህ በብዙ ያንሳል። ምክንያቱም ላይኛው ገጽ ኤሌክትሮኑን ሰጥቶ ሲጨርስ ማጌማይት ወደሚባል ሌላ የብረት ኦክሳይድ ይለወጣል፤ ክሮሚየም 3ም ይለብሰዋል። ውስጡ የቀረው ብረት 2 መውጫ ያጣል። ቆዳው ከሚለፋበት ድራም (ከማልፊያ ድራም) የወጣ ውሃ በሊትር 3 ግራም ክሮሚየም አለው እንበል፤ ሁሉም ክሮሚየም 6 ነው ብለን ደግሞ እንነሳ። በወረቀት ስሌት እንኳ ለአንድ ሜትር ኪዩብ 40 ኪሎ ማግኔታይት ያስፈልጋል። ይህን ያህል በባክቴሪያ ማምረት ሌላ ፋብሪካ መክፈት ነው።

የእናንተ ክሮሚየም ግን ክሮሚየም 6 አይደለም። ዋናው ነጥቤ ይኸ ነው። ዛሬ ቆዳ የሚለፋው በክሮሚየም ሰልፌት ነው፤ እሱም ክሮሚየም 3 ነው። ማግኔታይት ሊያደርገው የሚችለው ለውጥ እናንተ ጋ ከመድረሱ በፊት አልቋል። በዚያ ላይ ገንዳችሁ ውስጥ ምን እንዳለ ያስቡት። ጸጉር ከተነቀለበት መስመር የመጣ ሰልፋይድ አለ፣ ፕሮቲን አለ፣ ስብ አለ። እነዚህ ሁሉ ኤሌክትሮን ሰጪ ናቸው። ክሮሚየም 6 እንደ ድንገት ቢገባ እንኳ እዚያ ውስጥ ብዙ አይቆይም።

ጂኦባክተርም እዚያ አይመቸውም። ጥሬ ቆዳ በጨው ተጠብቆ ስለሚመጣ ፍሳሹ ጨዋማ ነው፤ ይህ ባክቴሪያ ደግሞ እንደዚያ ያለ ጨው አይችልም። ሰልፋይዱ ብረቱን ይሻማዋል፤ ሁለቱ ሲገናኙ የብረት ሰልፋይድ ይሆናሉ። የብረት ሰልፋይድም ጥቁር ነው። ስለዚህ አንድ ሻጭ መጥቶ «ገንዳው ጠቆረ፣ ማግኔታይት ሆነ» ቢላችሁ አትመኑት። ፎስፌት ከበዛ ቪቪያናይት፣ ካርቦኔት ከበዛ ሲደራይት የሚባል ሌላ የብረት ማዕድን ይወጣል። የተሠራውን የሚወስነው ባክቴሪያው ብቻ ሳይሆን የውሃው ኬሚስትሪም ነው።

ታዲያ ይህ ማግኔታይት ቦታው የት ነው? ክሮሚየም 6 ውሃ ውስጥ ተንሰራፍቶ ለረጅም ጊዜ የሚኖርበት ቦታ ነው። ስኮትላንድ ግላስጎው ጥሩ ማሳያ ናት። ጄ ኤንድ ጄ ኋይት የሚባል ድርጅት ሾፊልድ አካባቢ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ ከክሮም ማዕድን ኬሚካል ሲያመርት ኖረ። ማዕድኑን ከሶዳና ከኖራ ጋር በአየር ውስጥ ይጠብሱት ነበር። ይህ ዘዴ ክሮሚየም 3ን ሆን ብሎ ወደ ክሮሚየም 6 ይለውጣል። የተረፈው ዝቃጭ በደቡብ ምሥራቅ ግላስጎው ለመሬት መሙያ ተደፋ። ፋብሪካው ከተዘጋ ከአሥርት ዓመታት በኋላም ከዚያ አፈር የሚወጣው ውሃ ክሮሚየም 6 ይዞ ይወጣል። ፒኤቹ ወደ 12 ይጠጋል።

የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጂኦባክተር የተሠራ ማግኔታይት በእንዲህ ያለ ውሃ ላይ ሞክረዋል። ወደ ገለልተኛ በቀረበ ውሃ ውስጥ ጥሩ ይሠራል። ፒኤቹ በጣም ሲጨምር ግን ከላይ ያልኩት ልባስ ቶሎ ያዳክመዋል። መፍትሔ ብለው የያዙት ቅንጣቶቹን ፓላዲየም በሚባል ውድ ማዕድን በጥቂቱ መለበጥ ነው። ፓላዲየሙ ከውጭ ከሚጨመር ኤሌክትሮን ሰጪ፣ ለምሳሌ ከሃይድሮጅን ወይም ከፎርሜት፣ እየተቀበለ ለክሮሚየሙ ያቀብላል። ማግኔታይቱ ሲያልቅ ከመጣል ይልቅ ደጋግሞ እንዲያገለግል የታሰበበት መንገድ ነው። ሌላም ተስፋ አለ። በ2015 የታተመ ሥራ አንድ ማግኔታይት በሁለት ባክቴሪያዎች መሀል እየተቀባበለ ሊሠራ እንደሚችል አሳየ። አንደኛው በብርሃን ጊዜ ኤሌክትሮን ይወስድበታል፣ ጂኦባክተር በጨለማ መልሶ ይሞላዋል። በተፈጥሮ አፈር ውስጥ ማግኔታይት ባትሪ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እኔን ከዚህ መስክ ሁሉ ይበልጥ የሚያጓጓኝ ይኸ ነው፤ ማግኔታይቱን ከውጭ ማምጣት ሳያስፈልግ መሬቱ ውስጥ እንዳለ ማደስ።

መሬት ውስጥ ያለን ባክቴሪያ መመገብ ግን በወረቀት ላይ እንደሚነበበው አይደለም። በኮሎራዶ ራይፍል የሚባል የቀድሞ የዩራኒየም ማቀነባበሪያ ቦታ አለ። በ2002 እዚያ በጉድጓዶች በኩል አሴቴት ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ተጨመረ። የጂኦባክተር ዘሮች በዝተው ዩራኒየሙ በሳምንታት ውስጥ ወረደ። አዲስ ባክቴሪያ ማንም አላመጣም፤ እዚያው የነበሩት ናቸው። ቆየት ብሎ ግን ሰልፌት የሚተነፍሱ ባክቴሪያዎች አሴቴቱን ተሻሙ፣ የዩራኒየሙ መጠንም መልሶ ወጣ። ምግቡ የሚደርሰው ለምትፈልጉት ባክቴሪያ ብቻ አይደለም። በመሀል ማን እንደሚያሸንፍ ያለማቋረጥ መከታተል ያስፈልጋል።

ስለዚህ «ባክቴሪያውን ከየት?» ለሚለው፣ የታወቁ ዝርያዎች እንደ ጀርመኑ ዲኤስኤምዜድ ካሉ የባክቴሪያ ማከማቻዎች ለተመራማሪዎች ይላካሉ። ብረት የሚተነፍሱ ባክቴሪያዎች ግን ኦክስጅን በሌለው በየትኛውም የወንዝና የረግረግ ጭቃ ውስጥ አሉ። የሚጎድለው ምግብና ምቹ ሁኔታ ነው። በጆንያ «ማግኔት ባክቴሪያ» የሚሸጥ ሰው ከመጣባችሁ አትግዙ።

የማይታለፍ ጥንቃቄ አለ። የእናንተ ክሮሚየም 3 ዝም ብሎ ሲቀመጥ ብዙም አያስፈራም፤ ወደ ክሮሚየም 6 የሚመለስበት መንገድ ግን አለ። ዋናው እሳት ነው። የቆዳ ቁርጥራጭና የክሮም ዝቃጭ ኖራ ወይም ሌላ አልካሊ ባለበት አየር እያገኘ ሲቃጠል አመዱ ውስጥ ክሮሚየም 6 ይፈጠራል። ግላስጎው ውስጥ ሆን ተብሎ ይደረግ የነበረውን እኛ ሳናውቀው ጓሮ ውስጥ እናደርገዋለን ማለት ነው። አመዱን ዝናብ ሲያጥበው ወደ ጉድጓድ ውሃ ይወርዳል፤ ጭሱና አቧራው ደግሞ ሳንባ ይገባል። ቁርጥራጩን አታቃጥሉ፣ ለጎረቤት ማገዶ ብላችሁም አትስጡ። አፈር ውስጥ ያሉ የማንጋኒዝ ኦክሳይዶችም ይህን ለውጥ ቀስ ብለው ያደርጋሉ። ያለቀ ቆዳ ላይም ይከሰታል፤ ሙቀት፣ ብርሃንና ያልተስማማ የስብ ዘይት ሲገናኙ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2015 ጀምሮ ቆዳ ከሰው ገላ ጋር በሚነካካ ዕቃ ላይ ክሮሚየም 6 በኪሎ ከ3 ሚሊግራም እንዳይበልጥ የከለከለው ለዚህ ነው። ወደዚያ የሚልክ ፋብሪካ ይህችን ቁጥር በቃሉ ሊያውቃት ይገባል።

እና ምን ታድርጉ? ክሮሙን ከምንጩ ለዩት። ከማልፊያ ድራም የሚወጣውን ውሃ ከኖራና ከሰልፋይዱ መስመር ጋር ሳታገናኙ ለብቻው ያዙት። በተለመደው አሠራር ከሚጨመረው ክሮም ሲሶ ያህሉ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ቆዳው ሳይወስደው ከውሃው ጋር ይወጣል። ይህ በገንዘብ የተገዛ ኬሚካል ነው። ውሃውን በወንፊት አሳልፋችሁ ቃጫውንና ስቡን ካወጣችሁ በኋላ ማግኒዥየም ኦክሳይድ ጨምራችሁ ፒኤቹን ከ8 እስከ 9 አድርሱት። ሲያድር ክሮሙ አረንጓዴ ዝቃጭ ሆኖ ይቀመጣል። ከላይ ያለው የጠራ ውሃ ወደ ማጣሪያው ይሄዳል፤ ዝቃጩ በሰልፈሪክ አሲድ ተሟሙቶ ከአዲስ ክሮም ጋር ተደባልቆ ወደ ድራም ይመለሳል። ኮስቲክ ሶዳም ያዘቅጣል፤ ግን ዝቃጩ ልልና ለመለየት አስቸጋሪ ይሆናል። እጅ ካመለጠና ፒኤቹ ከልክ በላይ ከወጣ ደግሞ ክሮሙ ተመልሶ ይሟሟል። ማግኒዥየም ኦክሳይድ ፒኤቹን በቀላሉ ከልክ አያሳልፍም፤ ውድ ቢሆንም እሱን እመርጣለሁ። ቆዳው ክሮሙን አብዝቶ እንዲወስድ የሚያደርግ የማልፊያ ዘዴም አለ፤ ቅበላውን ከ90 በመቶ በላይ ያደርሰዋል። ያልወጣ ክሮም ማጣራት አያስፈልግም።

መስመሮቹን ለዩ ያልኩበት ሌላም ምክንያት አለ፤ የሰው ሕይወት ነው። የክሮሙ ውሃ አሲድ ነው። ሰልፋይድ ካለበት የኖራ ውሃ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ ይወጣል። በመጀመሪያ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል። መጠኑ ሲጨምር አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው የጠፋ ይመስላል፣ ያኔ ነው ሰው የሚወድቀው። ጉድጓድ ውስጥ የወደቀን ሰው ሊያወጣ የገባ ሁለተኛ ሰውም ይሞታል። ጋዝ መለኪያና የአየር መተንፈሻ መሣሪያ ሳይኖር ማንም ገንዳ ወይም ማንሆል ውስጥ አይግባ። ማግኔታይት ለመሞከር ብላችሁም ገንዳው ላይ አሲድ አትጨምሩ።

በሆነ አጋጣሚ እውነተኛ ክሮሚየም 6 ቢገኝባችሁ፣ ለምሳሌ ብረት በክሮም ከሚለበጥበት ክሮም ቤት የሚመጣ ፍሳሽ ቢኖር ወይም ከአመድ የታጠበ ውሃ ቢሆን፣ የመጀመሪያው ምርጫ አሁንም የባክቴሪያ ማግኔታይት አይደለም። ፌረስ ሰልፌት ነው። ይኸው ብረት 2 ነው፣ ርካሽ ነው፣ በጆንያ ይገኛል። ለ1 ኪሎ ክሮሚየም 6 በስሌት 16 ኪሎ ያህል ይፈልጋል፤ በሥራ ላይ ትንሽ ይጨመርበታል። ጉዳቱ ብዙ ዝቃጭ መተዉ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ ከሆነ ደግሞ የብረት ፍርፋሪ ግድግዳ ይታሰባል። በሰሜን ካሮላይና ኤሊዛቤት ሲቲ፣ ከአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ክሮም ቤት የወጣውን ክሮሚየም 6 ለማስቆም በ1996 46 ሜትር ርዝመት፣ 7.3 ሜትር ጥልቀትና 0.6 ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ግድግዳ መሬት ውስጥ ተቀበረ። ውሃው በራሱ ፍሰት ሲያልፍበት ክሮሙ እዚያው ይቀራል። የባክቴሪያ ማግኔታይት ከእነዚህ የሚሻልበት ቦታ አለ። ብረቱን ወደ አፈር ቀዳዳዎች ማስረግ ሲያስፈልግ፣ ወይም ዱቄቱን መልሶ መሰብሰብ ግድ ሲሆን ነው። ያ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ይዞ የሚሠራ ምርምር ነው። የሚሞክር ካለ ዱቄቱን በእርጥቡ፣ አየር በሌለበት ይያዘው። ደርቆ የሚበን ናኖ ዱቄት ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም፤ አየር ካገኘም ብረት 2ው ከሥራው በፊት ይባክናል።

ፍሎራይድን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው። ፍሎራይድ ኤሌክትሮን ተቀብሎ የሚለወጥ ነገር አይደለም። ስለዚህ የማግኔታይት ዋና ጉልበት እሱ ላይ አይሠራም። ፍሎራይድን በደንብ የሚይዝ ሌላ ነገር በማግኔታይት ላይ ለብጠው የሚሞክሩ ተመራማሪዎች አሉ፤ እዚያ ማግኔታይቱ ዱቄቱን መልሶ ለመሰብሰብ እንጂ ፍሎራይዱን ለመያዝ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች የዓለም ጤና ድርጅትን 1.5 ሚሊግራም በሊትር መጠን ያልፋሉ፤ ለእነዚያ የአጥንት ከሰልና የተሻለ የውሃ ምንጭ ፍለጋ ይቀድማሉ።

ማንኛውንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ምርመራ አሠሩ። አብዛኛው የላቦራቶሪ ወረቀት «ጠቅላላ ክሮሚየም» ብቻ ነው የሚለው፤ ከዚያ ላይ የትኛው ዓይነት እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ጠርሙስ ውሰዱ። ለጠቅላላው የሚሆነው በናይትሪክ አሲድ ይጠበቃል። ለክሮሚየም 6 የሚሆነው አሲድ አይነካውም። ተጣርቶ፣ ፒኤቹ ከ9 በላይ ተደርጎ፣ በበረዶ ይላካል። አሲድ ከገባበት ፍሳሹ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ክሮሚየም 6ን መንገድ ላይ ይለውጠውና ውጤቱ «የለም» ብሎ ይመጣል። መለኪያው ዳይፌኒልካርባዛይድ የሚባል ኬሚካል ነው፤ ክሮሚየም 6 ካለ ሐምራዊ ቀለም ያወጣል። የፍሳሹ የራሱ ቀለምና ሰልፋይዱ ውጤቱን ሊያዛቡት ስለሚችሉ ላቦራቶሪው የታወቀ መጠን ክሮሚየም 6 ናሙናው ላይ ጨምሮ ያንኑ መልሶ ማግኘቱን እንዲያረጋግጥ ጠይቁ። ናሙናውን ከድራሙ መውጫ፣ ከገንዳው መውጫ፣ ዝቃጭና አመድ ከሚከመርበት አጠገብ ካለ ጉድጓድ ውሰዱ። ለሚጠጣ ውሃ የዓለም ጤና ድርጅት መጠን ለጠቅላላ ክሮሚየም 0.05 ሚሊግራም በሊትር ነው። ድራሙና ገንዳው ላይ ክሮሚየም 6 ካልተገኘ የማግኔታይቱን ፋይል ዝጉና የክሮም መልሶ መጠቀሚያውን ታንክ ሥሩ። ጉድጓዱ ላይ ከተገኘ ግን የዚያን ውሃ መጠጣት በዚያው ቀን አስቁሙ፣ አመዱን ዝናብ ከማይደርስበት ቦታ አንሱ፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም አሳውቁ።